መቶ ኪሎ የሚችል የኮርሳ ጎማ

ገዘፍ ያለ ሰው ኮርሳ፣ ማለትም ላስቲኩ የቀጠነ የእሽቅድምድም ዓይነት ሳይክል፣ ሲገዛ መጀመሪያ የሚያስቸግረው የኋላ ጎማው ነው። አንድ ቀን ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ጎማውን ከያዙት ቀጫጭን ሽቦዎች አንዱ፣ ስፖክ፣ ተበጥሷል። ጎማው ይወላገድና ፍሬኑን መታከክ ይጀምራል። የሰፈር መካኒክ ይቀይርለታል። ብዙም ሳይቆይ ሌላው ይበጠሳል፣ ከዚያም ሌላው። መጨረሻ ላይ "አንተ እኮ ከባድ ነህ፣ ሳይክል አይሆንህም" የሚል ምክር ይመጣል። ሳይክሉም በረንዳ ላይ አቧራ ሲጠጣ ይከርማል።

ምክሩ ስህተት ነው፤ ሰውንም ከሚጠቅመው ነገር ያርቃል። ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ የሚነዳው ታንደም የሚባል ሳይክል አለ። ያለው ሁለት ጎማ ብቻ ነው። 150 ኪሎና ከዚያ በላይ ተሸክሞ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ጎማው ግን ለዚያ ተብሎ የተሠራ ነው። አሁን በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በቦሌ መስመር የብስክሌት መንገድ አለ። ሐኪም "ተንቀሳቀስ" ብሎት ሳይክል የሚያስብ ሰው ጥቂት አይደለም። ሳይክል ደግሞ እንደ ሩጫ ጉልበት ላይ አያርፍም። በጣም የሚጠቅመው ሰው በስፖክ ምክንያት ሲያቆም ማየት ያሳዝነኛል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ከዚህ በታች ጎማ ስል ሙሉውን ማለቴ ነው፤ መሐል ላይ ያለውን ሞዞ፣ ዙሪያውን ያለውን ቸርኬና ሁለቱን የሚያያይዙትን ስፖኮች። ላስቲኩን የውጭ ጎማ እለዋለሁ።

ስፖክ ቀጭን ሽቦ ነው። ቢገፉት ይታጠፋል፤ ሲጎትቱት ግን ብርቱ ነው። ስለዚህ ጎማ ሲሠራ ስፖኮቹ በሙሉ አስቀድመው ይወጠራሉ። በደንብ በተሠራ የኋላ ጎማ ላይ፣ በማርሹ በኩል ያለው እያንዳንዱ ስፖክ ከ100 እስከ 120 ኪሎ በሚሆን ኃይል ተወጥሮ ይቀመጣል። ይህ ገና ማንም ሳይቀመጥበት ነው።

ስትቀመጡበትስ? ብዙ ሰው ክብደቱ ከላይኞቹ ስፖኮች ላይ የተንጠለጠለ ይመስለዋል። ሲለካ የሚገኘው ግን ሌላ ነው። የላይኞቹ ውጥረት እምብዛም አይለወጥም። የሚለወጡት ከሞዞው በታች፣ ከመሬቱ ጋር ፊት ለፊት ያሉት ጥቂት ስፖኮች ናቸው። እነሱ ላላ ይላሉ። ጎማው ሲዞር እያንዳንዱ ስፖክ ተራው ደርሶ ታች ይመጣል፣ ይላላል፣ መልሶ ይወጠራል። የኮርሳ ጎማ ዙሪያው 2.1 ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ኪሎ ሜትር 470 ጊዜ ያህል ይዞራል። 10 ኪሎ ሜትር ስትነዱ እያንዳንዱ ስፖክ ወደ 4,700 ጊዜ ላልቶ ተወጥሯል ማለት ነው።

ስፖክን የሚገድለው ይህ መላላትና መወጠር ነው። ከባድ ሰው ሲቀመጥ መላላቱ ይጨምራል፣ ድካሙም ይፈጥናል።

የተበጠሰ ስፖክ ካላችሁ አትጣሉት። ጫፉን ብርሃን ላይ ያዙትና አስተውሉት። አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ሞዞው ቀዳዳ ጋ፣ ስፖኩ በታጠፈበት ክርን ላይ ነው። ስብራቱ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ክፍል ለስለስና ጠቆር ያለ ነው። ሌላው ሸካራና የሚያብረቀርቅ። ለስላሳው ስንጥቁ ቀስ እያለ ሲያድግ የቆየበት ክፍል ነው። ሸካራው ደግሞ በመጨረሻዋ ቅጽበት የተበጠሰው። ስለዚህ ያ ስፖክ ማለቅ የጀመረው ጉድጓድ ውስጥ የገባችሁ ቀን አይደለም፤ ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ጎረቤቶቹም ያንኑ ያህል ዞረዋል፣ ያንኑ ያህል ደክመዋል። በአንድ ጎማ ላይ ሁለት ሦስት ስፖክ ከተበጠሰ አንድ በአንድ መቀየሩን ተዉት። ቸርኬው ደህና ከሆነ ስፖኮቹን በሙሉ አስቀይሩ። ገንዘቡ አንድ ጊዜ ይወጣል፣ ግን ያርፋል።

አሁን ወደ ምርጫው። ከሁሉ በፊት የስፖኩን ብዛት ቁጠሩ። ሱቅ ውስጥ የሚያብረቀርቁት የእሽቅድምድም ጎማዎች 20 ወይም 24 ስፖክ ነው ያላቸው። ያማሩ ናቸው፣ ነፋስም ይቆርጣሉ፣ ግን የታሰቡት ለቀላል ጋላቢ ነው። ስፖኩ ሲበዛ ታች ላይ የሚደርሰው ጫና ለብዙ ይከፋፈላል፣ እያንዳንዱ የሚላላውም ያንሳል። በእኔ ግምት ከ80 እስከ 95 ኪሎ ለሆነ ሰው ከኋላ 28 ይበቃል። ከዚያ በላይ 32 ይሁን። ከ115 ካለፈ ደግሞ 36 ፈልጉ። ሌላም ጥቅም አለው። 20 ስፖክ ካለው ጎማ አንዱ ሲበጠስ ቸርኬው ክፉኛ ይጣመማል፤ ሳይክሉን ተሸክሞ መሄድ ሊመጣ ይችላል። 36 ካለው አንዱ ሲበጠስ ግን ቀስ ብላችሁ ቤት ትገባላችሁ።

የፊቱ ጎማ ብዙ አያሳስብም። ከጠቅላላው ክብደት 60 በመቶ ገደማ የሚያርፈው ከኋላ ነው። የፊቱ ሞዞ በዚያ ላይ ማርሽ የለበትም። ገንዘብ ካጠረ የኋላውን ብቻ ቀይሩ፣ የፊቱን ባለበት ተዉት።

ማርሹ ለምን ክፋት እንዳለው ላስረዳ። ማርሹ በቀኝ በኩል ቦታ ስለሚይዝ የቀኝ ስፖኮች ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ የግራዎቹ ሰፋ ብለው ይዘረጋሉ። ቸርኬው መሐል ላይ እንዲቆም የቀኞቹ በጣም መወጠር አለባቸው። ግራዎቹ ግን ከዚያ ግማሽ ገደማ ብቻ ነው የሚወጠሩት። ልል ሆኖ የተሠራ ስፖክ ታች ሲደርስ ጭራሽ ውጥረቱን ያጣል። ያኔ ጫፉን የያዘችው ትንሿ ዳዶ ራሷ መፈታት ትጀምራለች፣ ጎማው ይወላገዳል፣ ክርኑም ቶሎ ይደክማል። ለዚህ ነው በከባድ ሰው ሳይክል ላይ የግራ ስፖኮች ሳይጠበቁ የሚበጠሱት። መድኃኒቱ የቀኞቹን ቸርኬው እስከሚችለው ድረስ መወጠር ነው፤ ግራዎቹ አብረው ከፍ ይላሉ። የስፖክ ቀዳዳው ከመሐል ወደ ግራ ጠጋ ብሎ የተበሳ ቸርኬ ካገኛችሁ ደግሞ ልዩነቱ ይጠባል።

ስለ ስፖክ ውፍረት የማይታመን የሚመስል ነገር አለ። ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሚሊ ሜትር የሆነው ወፍራም ስፖክ፣ ጫፎቹ 2 ሆነው መሐሉ ወደ 1.8 ከቀጠነው ይልቅ ቶሎ ይበጠሳል። መሐሉ የቀጠነው እንደ ልብ ይለጠጣል። መለጠጡ ጫናውን መሐሉ ላይ ያሳርፈዋል፣ ክርኑ ይድናል። በሚላላበት ጊዜም ከውጥረት ቶሎ አይወጣም። መካኒኩ "ወፍራሙ ይሻላል" ቢላችሁ በትህትና መሐሉ የቀጠነውን ጠይቁ። ሳፒምና ዲቲ ስዊስ የሚባሉት ስፖክ ሠሪዎች ሁለቱም ይሠሩታል። ለእውነተኛ ከባድ ጭነት የሚሆን የዲቲ ስዊስ አልፓይን 3 የሚባል አለ፤ ክርኑ 2.34፣ መሐሉ 1.8፣ ጥርስ ያለው ጫፉ 2 ሚሊ ሜትር ነው። ጥንካሬው የተጨመረው በሚበጠስበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ዳዶዋ ደግሞ የናስ ትሁን። የአሉሚኒየሟ ጥቂት ግራም ትቀንሳለች፣ ነገር ግን በውጥረትና በእርጥበት ትሰነጠቃለች።

ቸርኬው ግድግዳው ድርብ የሆነ አሉሚኒየም ይሁን፤ ቁመቱ ከ24 እስከ 30 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱም ከ450 እስከ 550 ግራም። ጠንከር ያለ ቸርኬ ጫናውን ለብዙ ስፖክ ያዳርሳል። ከዚህ የቀለለውን ተዉት። ሳይክሉና እናንተ አንድ ላይ 110 ኪሎ ብትሆኑ፣ 200 ግራም ማለት ከዚያ ውስጥ ከመቶ 0.2 እንኳ አይሞላም። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ስትወጡ ያቺን አታገኟትም። ካርቦን ጠንካራ ሊሆን ይችላል፣ ግን ውድ ነው፤ እዚህ ከተሰበረ የሚተካውን ማግኘትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ሞዞው ላይ ብዙ ሰው የማያየው አደጋ አለ፣ በተለይ ርካሽና ሰልባጅ ሳይክል ላይ። በድሮው አሠራር ማርሹ በሞዞው ላይ በጥርስ ይጠመዘዛል። የቀኙ ኩሽኔታ ከማርሹ ወዲህ ገባ ብሎ ይቀራል። ስለዚህ በመሐል የሚያልፈው ብረት፣ አክስሉ፣ ሰፊ ቦታ ላይ ደጋፊ አጥቶ ይንጠለጠላል። ከባድ ሰው ሲቀመጥ ይታጠፋል፣ አንዳንዴም ይሰበራል። የሳይክል ዕቃ ሠሪው ሺማኖ በ1978 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው አሠራር የቀኙን ኩሽኔታ ወደ ውጭ፣ ማርሹ ሥር ወሰደው። አክስሉም አረፈ።

ሱቅ ውስጥ የትኛው እንደሆነ እንዲህ ትለያላችሁ። ጎማው ከሳይክሉ ወጥቶ እያለ በማርሹ በኩል ተመልከቱት። ከትንሿ ማርሽ አጠገብ የመፍቻ ጥርስ የሚገባበት ቦታ አለ። ማርሹን ወደ ኋላ አዙሩት። ያ ቦታ ከማርሹ ጋር አብሮ ከዞረ አዲሱ አሠራር ነው፣ ግዙት። ማርሹ ብቻውን ዞሮ እሱ ቆሞ ከቀረ የድሮው ነው። ከ90 ኪሎ በላይ የሆነ ሰው ይህን አይግዛ።

የሞዞ ብራንድ ላይ አትጨነቁ። የሺማኖ ቲያግራ ወይም 105 ከበቂ በላይ ነው። ኩሽኔታውም ተፈትቶ፣ ተጠርቶ፣ በግራሶ ተሞልቶ ይመለሳል፤ ያንን የሚያውቅ መካኒክ አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን በሠሪው እጅ ይበላሻል ወይም ይሰምራል። ጥሩ ስፖክ፣ ጥሩ ቸርኬና ጥሩ ሞዞ ገዝታችሁ ውጥረቱ ካልተስተካከለ ሁሉም ከንቱ ነው። ፋብሪካ ውስጥ በማሽን የተሠራ ርካሽ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ልል ሆኖ ነው የሚመጣው። ጥሩ ሠሪ እጅ ከገባ ያው ጎማ ሌላ ይሆናል።

ሠሪውን ለመገመት ሥራውን አዳምጡ። የቀኝ ስፖኮችን እንደ ክራር ክር አንድ በአንድ በጣት ንኩ። ድምፃቸው ተቀራራቢና ቀጠን ያለ መሆን አለበት። ከዚያ ግራዎቹን ንኩ። ድምፃቸው ወፈር ይላል፣ ግን እርስ በርሳቸው መመሳሰል አለባቸው። አንዱ ከፍ፣ አጠገቡ ያለው ዱብ የሚል ከሆነ፣ ጎማው ዓይን ላይ ቀጥ ብሎ ቢዞርም አልተሠራም። በሳምንታት ውስጥ ይወላገዳል። የውጥረት መለኪያ ያለው መካኒክ ካገኛችሁ ደግሞ አትልቀቁት።

ሌላው ምልክት ሠሪው ሲጨርስ የሚያደርገው ነገር ነው። ጥሩ ሠሪ ስፖኮቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ በሁለት እጁ አጥብቆ ይጨምቃቸዋል፣ ዙሪያውን በሙሉ። እንደገና ያስተካክላል፣ እንደገና ይጨምቃል። ይህ ክርኑ ቦታውን እንዲይዝና ሲጠመዘዝ የታሰረበት ጭንቀት እንዲለቀው ያደርጋል። ይህን የማያደርግ ሰው የሠራው ጎማ ገና የመጀመሪያው ቀን ስትቀመጡበት ቀጭ ቀጭ ይላል፤ የተጠማዘዙት ስፖኮች እየተፈቱ ነው።

ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ዛሬውኑ ማድረግ የምትችሉት አለ። የውጭ ጎማውን ሰፋ አድርጉት። ብዙ ኮርሳ የሚመጣው በ23 ወይም በ25 ሚሊ ሜትር ነው። ሳይክሉ ቦታ ካለው 28፣ ከቻለ 32 አስገቡ። ሰፊው የውጭ ጎማ የኮብልስቶኑን ምት ስፖክ ላይ ሳይደርስ ይበላዋል። የአየሩ ግፊት ለ100 ኪሎ ሰው በ28 ከኋላ ከ85 እስከ 90 ፒ.ኤስ.አይ (የግፊት መለኪያ ነው)፣ በ32 ከ65 እስከ 75 መነሻ ይሁናችሁ። ፊቱን ጥቂት ቀንሱለት። የውጭ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ መጠን ግን አትለፉ። ከመነዳሪው ላይ ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ካገኛችሁ አየሩ አንሶ ከቸርኬው ጋር ተቆንጥጧል ማለት ነው። ጎሚስታ ጋ ለማስነፋት ካሰባችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። የኮርሳ ቀጭን ቫልቭ ከእነሱ መንፊያ ጋር አይገጥምም። ትንሿን የናስ ማገናኛ ኪሳችሁ ያዙ።

የከተማችን ቁልቁለት ሌላ ጣጣ አለው። ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ስትወርዱ የሚያቆማችሁ ቸርኬውን የሚቆነጥጥ ፍሬን ከሆነ፣ በየጊዜው ቸርኬውን እየፋቃችሁት ነው። በክረምት ጭቃና አሸዋው ሲጨመር መፋቁ ይብሳል። ብዙ ቸርኬ ጎኑ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ወይም መስመር አለው፤ እሱ ሲጠፋ ቸርኬው አልቋል። ያለቀ ቸርኬ በአየሩ ግፊት ሊፈነዳ ይችላልና በዚህ አትቀልዱ። አዲስ ሳይክል የምትገዙ ከሆነ ዲስክ ፍሬን፣ ማለትም ቸርኬውን ሳይሆን ሞዞው ላይ የታሰረ ክብ ብረት የሚቆነጥጥ ፍሬን፣ ያለውን ምረጡ። ለከባድ ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም። ዲስክ ሲሆን የፊት ስፖኮችም መጠላለፍ አለባቸው፤ ከሞዞው በቀጥታ ወደ ቸርኬው የሚሄዱ ከሆነ ለዲስክ አይሆኑም።

የክብደት ገደብ የሚባለውንም አንብቡ። ጎማ ሠሪው ማቪክ ጎማዎቹ የሚሸከሙት ጠቅላላ ክብደት ሳይክሉን ጨምሮ ከ120 ኪሎ እንዳያልፍ ይላል። ሌላው ጎማ ሠሪ ካምፓኞሎ ከ109 ኪሎ በላይ የሆነ ጋላቢ እንዳይጠቀም ይመክራል፤ ከ82 ኪሎ በላይ የሆነም ቶሎ ቶሎ እንዲያስመረምር። ልዩነቱን አስተውሉ። ካምፓኞሎ የሚቆጥረው ሰውየውን ነው፣ ማቪክ ሰውየውን፣ ሳይክሉን፣ ቦርሳውንና ውኃውን። 108 ኪሎ የሆነ ሰው በካምፓኞሎ ያልፋል፣ በማቪክ ግን ገደቡን ይነካል።

አዲስ ጎማ ካሠራችሁ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ ለሠሪው መልሳችሁ አስፈትሹ። ጉብታና የፍሳሽ ክዳን ስታዩ ከኮርቻው ትንሽ ተነሱ፣ ክንዳችሁንና ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጉ። ሠሪው ትርፍ ስፖክ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ሦስት ዓይነት ቁመት ሊኖራቸው ይችላል፤ የፊት፣ የኋላ ቀኝና የኋላ ግራ። ከሳይክሉ ብረት ጋር በፕላስተር አስሯቸው።

መንገድ ላይ አንዱ ቢበጠስ አትደንግጡ። ቁራጩን ከጎኑ ካለው ስፖክ ጋር ጠምጥሙት፣ እንዳይገርፍ። ጎማው ፍሬኑን ከነካ የፍሬኑን መልቀቂያ ክፈቱት። ያኔ የኋላ ፍሬን የለም ማለት ነው፤ ቁልቁለት ላይ ወርዳችሁ ግፉ። የተበጠሰው በግራ በኩል ከሆነ ትርፉን ስፖክ ራሳችሁ ታስገባላችሁ፤ አሮጌዋ ዳዶ ደህና ከሆነች የውጭ ጎማውን ማውለቅ እንኳ አያስፈልግም። በቀኝ ከሆነ ግን ማርሹ መውጣት ስላለበት የማርሽ መፍቻ ያለው መካኒክ ፈልጉ።